አክስቴ ከካርቶን የቆረጠችው ግራፍ

ሰኞ፣ አንደኛ ሳምንት

ይህ ደብተር ባለ ካሬ ነው። ለሒሳብ ተብሎ ተገዛልኝ፤ እኔ ግን ከኋላው ጀምሬ ወሬ እጽፍበታለሁ። ከፊት ሒሳብ፣ ከኋላ ወሬ። መሀል ላይ የተገናኙ ቀን ማን እንደሚያሸንፍ እናያለን። እስካሁን ወሬ እየመራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብስ ስፌት ቤታችን አዲስ የመቁረጫ ማሽን ሊያስገባ ነው። ጠዋት ፉጨት እያፏጨ መጣ። ፉጨት የምለው አለቃችንን ነው፤ ክፉ ወሬ ሲይዝ ያፏጫል፣ ደግ ወሬ ይዞ ስለማያውቅ ደግሞ አፉ አርፎ አያውቅም። «ከሦስት ወር በኋላ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ሰው የአሥረኛ ክፍል ወረቀት ያሳያል» አለ። «ማሽኑ በሥዕልና በቁጥር ነው የሚታዘዘው።» ከዚያ ወደ አክስቴ ዞሮ፣ «እትዬ፣ እርስዎን ለማስከፋት አይደለም» አለ። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ሳያስከፋ ሄዶ አያውቅም።

አክስቴ ቆራጭ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቆማለች። አርባ ድርብ ጨርቅ አንድ ላይ ስትቆርጥ የላይኛውና የታችኛው በክር ውፍረት እንኳ አይበላለጡም። በማታ ትምህርት ሁሉንም አልፋ የቀራት ሒሳብ ብቻ ነው፤ እሱን ሁለቴ ወድቃለች። ዘንድሮም ከወደቀች ከጠረጴዛው ወርዳ ክር ለቃሚ ትሆናለች። ፉጨት ይህን አላለም፤ ግን ክር የሚለቀምበትን ጥግ አየት አድርጎ ነው የሄደው።

እኔም ሒሳብ ቀርቶኛል። ትምህርትና እኔ ተጣልተን አይደለም፤ ተነፋፍቀን ነው የምንኖረው። አክስቴ ግን ክንዴን ይዛ መዝገብ ቤት አስገባችኝ።

«አንቺ መዘዝ፣ አብረሽኝ ትማሪያለሽ።»

«እኔ ምን ልሠራ?»

«ሰሌዳው ላይ ያለውን ትነግሪኛለሽ። ያ ሰሌዳ ይብለጨለጫል።»

ሰሌዳው አይብለጨለጭም። ግን መነጽር የሽማግሌ ነው ብላ ከማለች ሴት ጋር ማን ይከራከራል?

ረቡዕ፣ አንደኛ ሳምንት

ክፍሉ ቀን የሕፃናት ነው፣ ከሥራ በኋላ የእኛ። ወንበሮቹ ለስድስት ዓመት ልጅ የተሠሩ ናቸው። አክስቴ አንዴ ከተቀመጠች ለማንሣት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዷ እኔ ነኝ፣ ሌላዋ ሳቂቱ። ሳቂቱ የቁልፍ ቤት የምትሰፋው ጓደኛዬ ናት፤ ሳቂቱ ያልኳት ስለምትስቅ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አስተማሪው ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ አናቱ ጠፍጠፍ ያለ ወጣት ነው። ምስማር አልኩት። እረፍት ሳይደርስ ክፍሉ በሙሉ ምስማር ይለው ጀመር። እሱ አክስቴን «እናቴ፣ እርስዎ» ይላታል፤ እሷም «አስተማሪ፣ እርስዎ» ትለዋለች። ሁለቱ ሲነጋገሩ በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» የሚባባሉ እንግዶች ይመስላሉ፤ ማንም ሳይገባ ሰዓቱ ያልቃል።

ዓርብ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ስኩዌር ሩት ጀመርን። ሩት ኤክስ ማለት «ማን በራሱ ሲባዛ ኤክስ ይሆናል?» ማለት ነው። ዜሮ ላይ ዜሮ፣ አንድ ላይ አንድ፣ አራት ላይ ሁለት፣ ዘጠኝ ላይ ሦስት። ነጥቦቹን አስቀምጠህ ስታያይዛቸው መጀመሪያ ሽቅብ ይፈነጠራል፣ ከዚያ እየሰነፈ፣ እየሰነፈ ይሄዳል። ግን አይወርድም። ከእኔ የሚለየው በዚህ በመጨረሻው ብቻ ነው።

አክስቴ አንገቷን አስግጋ ደብተሬን አየችና፣

«ይሄማ የብብት ጥምዝ ነው» አለች። «ይሄን እኮ በቀን መቶ ጊዜ ነው የምቆርጠው።»

ከዜሮ በስተ ግራ ለምን መስመር እንደሌለ ሳቂቱ ጠየቀች። ምስማር ስለ ኔጌቲቭ ቁጥር ብዙ አወራ። አክስቴ ቀስ ብላ ለሳቂቱ፣ «እዚያ ጋ ጨርቅ የለም» አለቻት። ሳቂቱ ገባት። እኔም ገባኝ፤ ግን እንዳልገባኝ ሆኜ ምስማርን ሦስቴ አስደገምኩት። ላቡ ሲመጣ ደስ ይላል።

ረቡዕ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ዛሬ የሆነውን ካልጻፍኩ ሆዴ ይፈነዳል።

አክስቴ የሩትን ግራፍ ከካርቶን ቆርጣ መጣች። እንደ እጅጌ ፓተርን። ደብተሩ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ጠርዙን ተከትላ በእርሳስ ትስላለች፣ አለቀ። ለሳቂቱና ለፊተኛው ረድፍ ሴቶችም አዋሰቻቸው። ምስማር የቤት ሥራውን ሰብስቦ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። አምስት ደብተር፣ አምስት ውብ ጥምዝ፣ አምስቱም ስሕተት። በትክክል አንድ ሣንቲ ሜትር፣ በግራፋችን አንድ ቁጥር፣ ከፍ ያሉ።

«እናቴ፣ የአራት ሩት ስንት ነው?»

«ሁለት ነው፣ አስተማሪ።»

«የእርስዎ ግራፍ አራት ላይ ሦስት ነው የሚለው።»

አክስቴ ካርቶኗን አነሣች፣ አየችው፣ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ለካች። ከዚያ ፊቷ በራ።

«እህ! ትርፉን ሳልቀንስ ነው!»

የስፌት ትርፍ! ለመስፊያ የሚተወውን አንድ ሣንቲ ሜትር በልማድ ዙሪያውን ጨምራ ነው የቆረጠችው። ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ትርፍ ቆርጣ ለማታውቅ እጅ ማን ይነግራታል፣ ይሄ ግራፍ ከማንም ጋር አይሰፋም ብሎ? ምስማር እስኪገባው ድረስ አስረዳችው። ሲገባው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። አክስቴም ሳቀች። መቀስ ከቦርሳዋ አውጥታ እዚያው ትርፉን ሸለተችው።

ክፍሉን ሁሉ የማስቀው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ማንም ወደ እኔ አላየም።

ሰኞ፣ አራተኛ ሳምንት

ምስማር ጠየቀ፤ «ከሩቱ ውስጥ፣ ኤክስ ፊት የመቀነስ ምልክት ቢኖርስ?» እኔ ፈጥኜ፣ «ግራፍ የለውም፣ ኔጌቲቭ ሩት የለውማ!» አልኩ። እንዲህ ስል አገጬን ከፍ አድርጌ ነበር። አክስቴ ካርቶኗን በጀርባው ገለበጠችው።

«ወደ ግራ ዞረ እንጂ አልጠፋም» አለች። «የቀኝ እጅጌ ፓተርን ሲገለበጥ የግራ እጅጌ ነው። ኤክስ ራሱ ኔጌቲቭ ከሆነ ውስጡ ፖዘቲቭ ይሆን የለ?»

ምስማር ጠመኔውን አስቀመጠ። «እናቴ፣ እርስዎ ይምጡና ያስተምሩ» አላት።

አገጬን አወረድኩ።

ዓርብ፣ አምስተኛ ሳምንት

ዛሬ ግሩም ቀልድ ሠራሁ።

ትምህርቱ ግራፉን ስለማንቀሳቀስ ነበር። ከሩቱ ውጪ ሁለት ሲደመር ግራፉ ሁለት ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲቀነስ ይወርዳል። ይሄ ሐቀኛ ነው። ውስጥ የሚደመረው ግን ሸፍጠኛ ነው፤ ሩት ኤክስ ሲደመር ሦስት ከሆነ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። ሲቀነስ ወደ ቀኝ። ምስማር ፈጠን ብሎ ነገረን፣ ደወሉ እየተደወለ ነበር።

እያነሣናት ሳለ አክስቴ ጠየቀችኝ። «ውስጥ ሲደመር ወዴት ነው ያለው? ጣቱን አላየሁትም።»

ሳቂቱን ጠቀስኳት። «ወደ ቀኝ» አልኩ።

«እሺ» አለች። ካርቶኗ ላይ በእርሳስ «ውስጥ ሲደመር ወደ ቀኝ፣ ሲቀነስ ወደ ግራ» ብላ ጻፈች። ለምን እንኳ አላለችም! ሳቂቱ መንገዱን ሁሉ እየሳቀች ሄደች። እኔም ሳቅኩ። ነገ እነግራታለሁ።

ቅዳሜ

እራት ላይ ልነግራት ነበር። የላይኛውን ፎቅ ተከራይ አረማመድ ሳሳያት ሳቀችና ረሳሁት።

ማክሰኞ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ሥራ በዛ። ሁለት መቶ ሱሪ። ነገ።

ረቡዕ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ምስማር ወደ ሌላ ምዕራፍ ተሻገረ። ስለ ሩት ድጋሚ የምናነሣው ለክለሳ ነው አለ። እንግዲያው ምን ያስቸኩላል?

ዓርብ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ሳቂቱ እረፍት ላይ ያዘችኝ። አልሳቀችም።

«ነገርሻት?»

«እነግራታለሁ።»

«እኔ ልንገራት?»

«ቀልዱ የእኔ፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«ቀልድ ነው እንዴ አሁንም?» አለች።

ሳቂቱ ካልሳቀች ፊቷ ሌላ ሰው ነው። ደስ አይልም። «እሺ ንገሪልኝ» ልላት እፈልግ ነበር፣ አፌ ግን «የቁልፍ ቤትሽን ስፊ» አላት። አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነሣው።

ሐሙስ፣ ስምንተኛ ሳምንት

ከማከማቻው ክር ላመጣ ስሄድ የፉጨት ቢሮ በር ገርበብ ብሎ ነበር። አላዳመጥኩም። ጆሮዬ እዚያ ነበር፣ እኔ ክር እየፈለግኩ ነበር።

ፉጨት ለስፌት ቤቱ ባለቤት እንዲህ ይል ነበር፤ «እትዬ ካልሆነላቸው ልጅቷ አለች። ነገሯ ሁሉ ቀልድ ቢመስልም እጇ ቀጥ ያለ ነው። ፈተናውን ካለፈች ጠረጴዛውን እሷ ትይዘዋለች።»

ልጅቷ እኔ ነኝ! እጄ ቀጥ ያለ ነው አለ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ እጄ የተባለው «አንሺ ከዚያ ላይ» ብቻ ነበር።

ጥቁር ክር ፈልጌ ሰማያዊ ይዤ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ አክስቴ ውኃ ልትጠጣ ስትሄድ ጠረጴዛው ጋ ቆሜ ነበር። ጨርቁን ቀና ላደርግላት ብዬ ነው። ቁመቱ ለእኔ ልክ ነው። ይህን የምጽፈው እንዲሁ ነው።

ረቡዕ፣ ዘጠነኛ ሳምንት

የሩት ክለሳ ዛሬ ነበር። ፉጨት አክስቴን ለአስቸኳይ ሥራ አስቀራት፤ እኔን «አንቺ ሂጂ» አለኝ። ምስማር ቀስ ብሎ፣ በደንብ አስረዳ። ጥምዙ የሚጀምረው ውስጡ ዜሮ ከሆነበት ነው። ኤክስ ሲደመር ሦስት ዜሮ የሚሆነው ኤክስ ኔጌቲቭ ሦስት ሲሆን ነው። ስለዚህ ወደ ግራ። እኔ ለራሴ እንዲህ ብዬ ያዝኩት፤ ሦስት ስንቅ ተሰጥቶህ ከሆነ ከሌላው ሦስት እርምጃ ቀድመህ ትነሣለህ። ጥሩ አይደለም? ለማን ልንገረው ብዬ ዙሪያዬን አየሁ።

ቤት ስገባ አክስቴ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች።

«ምን አለ ዛሬ?»

«ያንኑ የድሮውን ነው የደገመው።»

«ያመለጠኝ ነገር የለም?»

«የለም።»

«ተመስገን» አለች።

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «ወደ ግራ»፤ እሺ፣ ሁለት ቃል። ደክሟት ነበር፤ የደከመ ሰው አይረበሽም። ይሄ ምክንያት ሲጻፍ ከሚታሰብበት ጊዜ ይልቅ ቀጭን ነው።

ሰኞ፣ አሥረኛ ሳምንት

መፍትሔ አገኘሁ! ማንም ሳይናደድ፣ ማንም ሳያፍር። አክስቴ ገላዋን ስትታጠብ ካርቶኑን አወጣሁ፣ በላጲስ «ቀኝ»ን አጥፍቼ «ግራ»፣ «ግራ»ን አጥፍቼ «ቀኝ» ብዬ በእሷው ጽሕፈት ጻፍኩ። የአክስቴን ጽሕፈት መኮረጅ የማውቀው ከትምህርት ቤት ጀምሮ ነው፤ ስንት የፈቃድ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። እንዲህ ያለ ዕውቀት አንድ ቀን ይጠቅማል ስል ማንም አያምነኝም ነበር።

አለቀ። ተገላገልኩ። ዛሬ እንደ ሰው እተኛለሁ።

ማክሰኞ፣ አሥረኛ ሳምንት

አልተገላገልኩም።

ጠዋት አክስቴ ካርቶኑን መስኮት ጋ ወስዳ አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችው። ሰሌዳ የማያይ ዓይን የላጲስ ፍርፋሪ ያያል።

«ይሄን ነካክተውታል» አለች።

«ማን?»

«እኔ ምን አውቄ። ጠረጴዛዬን የሚፈልግ ሰው ይኖራል።» መሬት መሬት አየሁ። «ምንም አይደለም። አንቺ የነገርሽኝን አልረሳሁትም። ውስጥ ሲደመር ወደ ቀኝ።»

«አክስቴ፣ ምናልባት አንቺ ራስሽ መጀመሪያ ስትጽፊ…»

«አንቺ ነሽ የነገርሽኝ» አለች፤ ነገሩ በዚህ ያለቀ ያህል። ከዚያ እስክሪብቶ አንሥታ «ቀኝ» ብላ በላዩ ጻፈች። በቀለም። ሁለቴ አሰመረችበት።

ይኸውና። አሁን ውሸቴ በላጲስ አይጠፋም።

ዓርብ፣ አሥረኛ ሳምንት

ምግብ አልበላ አለኝ። ሳቂቱ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «ፍቅር ይዞኛል» አልኳት። «ከማን ጋር?» «ከምስማር።» ሳቀች። እኔ ሳላስቅ ቀርቼ አላውቅም፤ ይሄ ራሱ በሽታ ነው መሰለኝ።

ፉጨት ዛሬ ሲያልፍ «በርቺ» አለኝ። ሳያፏጭ።

ማክሰኞ፣ አሥራ አንደኛ ሳምንት

ነገርኳት።

እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ቤት፣ እራት ከበላን በኋላ፣ ቀስ ብዬ አዋዝቼ ልነግራት ነበር። ግን እሷ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ደርባ፣ መቁረጫውን ይዛ፣ የሱሪ ጥምዝ ጋ ደርሳ ቀና ሳትል፣ «ይሄ ፈተና ካለፈ ላንቺም እዚሁ አጠገቤ ቦታ እጠይቅልሻለሁ» አለችኝ። «እጅሽ ቀጥ ያለ ነው።»

«ወደ ግራ ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ውስጥ ሲደመር። ወደ ግራ ነው። ወደ ቀኝ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ካርቶኑን የነካካሁትም እኔ ነኝ።»

የሳቂቱ ማሽን ቆመ። ከዚያ ሌሎቹም እየተከተሉ ቆሙ።  አክስቴ መቁረጫውን አልለቀቀችም። ጥምዙን ጨረሰችው፤ እስከ ጫፉ። ከዚያ ነው ያስቀመጠችው።

«ስንት ሳምንት ሆነው?»

«ስድስት።»

«ስድስት ሳምንት እራት አብረን በላን» አለች።

«ለቀልድ ነበር፣ አክስቴ።»

«ቀልድ አንድ ቀን ነው። የቀረውን ጊዜስ?»

ፉጨት ብቅ ብሎ «ምንድነው ማሽኑ የቆመው?» አለ። ሁሉም መስፋት ጀመሩ። እኔ ክር አለቀ ብዬ ወደ ማከማቻው ሄድኩ። ክር አላለቀም ነበር።

ማክሰኞ፣ ምሽት

ቤት ገብታ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አደረገችና ባዶ ወረቀት አወጣች። እኔን ምንም አልጠየቀችኝም። ኤክስ ሲደመር ሦስት ብላ ጻፈች። ኤክስ ዜሮ ቢሆን፣ የሦስት ሩት፤ አልጣማትም፣ ሰረዘችው። ኤክስ አንድ ቢሆን፣ የአራት ሩት፣ ሁለት። ነጥብ አስቀመጠች። ኤክስ ስድስት ቢሆን፣ የዘጠኝ ሩት፣ ሦስት። ነጥብ። ከዚያ ብዙ ቆየች። ወደ ኋላ፤ ኔጌቲቭ ሁለት፣ አንድ። ኔጌቲቭ ሦስት፣ ዜሮ። ነጥብ። ኔጌቲቭ አራት ላይ ስትደርስ «ጨርቅ አለቀ» አለች ለራሷ። ካርቶኑን አምጥታ ነጥቦቹ ላይ አስቀመጠችው። ልክክ አለ።

ስንቅ ስለመያዝ ያሰብኩትን ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። በሕይወቴ የዋጥኩት የመጀመሪያው ቃል ሳይሆን አይቀርም።

የካርቶኑን ጽሑፍ የጨርቅ ቁራጭ ለጥፋ ሸፈነችው። በላዩ ምንም አልጻፈችም።

ዓርብ፣ አሥራ አንደኛ ሳምንት

የካርቶኗን ጽሑፍ የቀዱትን ሴቶች ሁሉ እየዞረች አስተካከለቻቸው። «እኔ ተሳስቼ ነው» ነው ያለቻቸው። እኔ አጠገቧ ቆሜ።

ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። ለስድብ መልስ አለኝ።

ከእኔ ጋር ስለ ጨርቅ ብቻ ነው የምታወራው። «ያዢ።» «ሳቢ።» «ልቀቂ።»

እሑድ፣ አሥራ ሁለተኛ ሳምንት

ፈተናው ነገ ነው። አክስቴ እርሳስ እየቀረጸች ነው። በጨርቅ መቁረጫ ምላጭ፣ ጫፉ እንደ መርፌ እስኪሆን። ለእኔም ቀርጻ ደብተሬ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ምናልባት ይቅር ብላኛለች» ብዬ ፈገግ አልኩላት። ምላጩን ጠራርጋ አስቀመጠችው።

ሰኞ፣ አሥራ ሁለተኛ ሳምንት

ተፈተንን። ካርቶን ማስገባት ክልክል ነው ሲሉ አክስቴ ደስ ብሏት በር ላይ ላለው ጠባቂ ሰጠችው። «ከዚህ በኋላ አያስፈልገኝም» አለችው።

ከኋላዋ ነበር የተቀመጥኩት። አምስተኛው ጥያቄ እሱ ነበር፤ ሩት ኤክስ ሲደመር አራት፣ ከውጪ ሲቀነስ አንድ። ግራፉን ሥራ። አሥር ማርክ አለው። ትከሻዋ ሲያስብ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ እጇ ወደ ግራ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ታች። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። ከዚያ ጥምዙን ባዶ እጇን፣ በአንድ ትንፋሽ ሳበችው።

እኔ ያንን ጥያቄ አልሠራሁትም። እርሳሴ ተሰበረ።

ሐሙስ

ፉጨት «እንዴት ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። «ቀላል ነበር» አልኩት። «እንግዲህ እናያለን» አለና ሄደ። ዛሬም አላፏጨም። ሰውየው ሲያፏጭ ይሻለኛል።

ሰኞ፣ አሥራ አራተኛ ሳምንት

ውጤት ተለጠፈ።

ከሥራ ቀጥታ ሄድን፣ አክስቴ፣ ሳቂቱና እኔ። ሰው ተጋፍቷል። ወረቀቱ ከፍ ብሎ ነው የተለጠፈው፣ ጽሕፈቱም ደቃቃ። አክስቴ ቆመች። እኔ «የፈተና ቁጥርሽን ስጪኝ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አየችኝ። ከዚያ አጠገቧ የቆመ የማታውቀውን ሰው፣ የሥራ ቱታ የለበሰ መካኒክ ነገር፣ እጅጌውን ነካ አደረገችና፣ «ወንድሜ፣ እባክህ ይቺን ቁጥር ታይልኛለህ?» አለችው።

የተዘረጋ እጅ ሲመለስ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ፀጉሬን አከክሁ።

«ሃምሳ ስምንት» አላት ሰውየው። «ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ አልፈዋል፣ እናቴ።»

ሳቂቱ ጮኸች፣ ተጠመጠመችባት። አክስቴ ሰውየውን ድጋሚ አስነበበችው። ሦስተኛም ልታስነብበው ነበር። ዓይኗን በመሐረቧ ጠረገች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከጨርቅ ውጪ የጠየቀችኝ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፤

«አንቺስ?»

«ወድቄያለሁ» አልኩ።

ሳቀች። ሳቂቱም ሳቀች። «ተይ አንቺ መዘዝ፣ ዛሬ እንኳ!»

«እውነቴን ነው፣ አክስቴ። አርባ ስድስት።»

ቁጥሬን ከእጄ ወስዳ ለሰውየው ሰጠችው። ጣቱን በወረቀቱ ላይ ወደ ታች አወረደ፣ አቆመ፣ እኔን አዘን ብሎ አየኝ። «አርባ ስድስት» አለ። ሳቃቸው እኩል ቆመ።

ሳቂቱ መታጠፊያው ላይ ተለየችን። እኔና አክስቴ ጎን ለጎን ሄድን።  ስለ ወደፊት ላወራት ፈለግኩ፤ በሚቀጥለው ዙር እፈተናለሁ፣ ምስማር ናፍቆኝ ነው የወደቅኩት፣ እንዲህ እንዲህ። ቀልዱ አልመጣልኝም።

«አራት ነው የጎደለሽ» አለች።

«አዎ።»

«አምስተኛውን ጥያቄ ምን ብለሽ ሠራሽው?»

«አልሠራሁትም። እርሳሴ ተሰበረ።»

ቆመች። መንገዱ መሀል፣ ሰው እየተገፋፋ በሚያልፍበት። ፊቴን ጨርቅ እንደምታይ አየችው፤ ክሩ የት ጋ እንደሚጠማዘዝ፣ የት ጋ እንደሚቆረጥ።

«እኔ የቀረጽኩልሽ ሁለት እርሳስ ነበር» አለች።

 አክስቴ ቦርሳዋን ከቀኝ ትከሻዋ ወደ ግራ አዛወረችና ክንዴን ይዛ መንገዱን አሻገረችኝ። የያዘችኝን ክንድ ቤት በር ላይ እስክንደርስ ድረስ አልለቀቀችውም።